በሰዓዳ ድምፅ

ሰዓዳ ይመር ጥርሷን እየፋቀች ሳለ ድምጿ ከሐኪም ጋር ያወራል። በነፍሰ ጡሮች ማቆያው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠዋት ጠዋት ወራቸው የገባ እናቶች ፊታቸውን ሲታጠቡና አንሶላቸውን ሲያነጥፉ፣ የሁሉም ድምፅ ፎቅ ላይ ካለው ክፍል ገብቶ ስለየወገባቸው፣ ስለየእንቅልፋቸው፣ ስለየሆዳቸው ያስረዳል። ዶክተር ኤፍራታ ታዳምጣለች፤ ትወስናለች። ውሳኔው ከቁርስ በፊት አልጋው ራስጌ ላይ ይበራል። አረንጓዴ ከሆነ ቀኑ የእናቲቱ ነው፤ ትበላለች፣ በግቢው ትንሸራሸራለች፣ ትተኛለች። ብዙዎቹ ዶክተር ኤፍራታን በአካል የሚያዩዋት በምጣቸው ቀን ነው፤ እሱም ነገር ከከበደ።

ድምፃቸውን የምታደርስላቸው እንደራሴ ትባላለች። እርግዝና ሲመዘገብ ከጆሮ ጀርባ የምትለጠፍ፣ ምስር የምታክል ነገር ናት። እናቲቱ የተሰማትን በሹክሹክታ ትነግራታለች፤ እጇ ላይ ያለው አምባር ደግሞ ያልነገረቻትን ይጨምርላታል። ከዚያ በእናቲቱ ድምፅ፣ በእናቲቱ አነጋገር፣ ግን ቃሉን አስተካክላ ለሐኪም ታቀርባለች።

ሲጀመር በደግ ታስቦ ነው። በሰዓዳ እናት ዘመን ሴቶች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ አንገታቸውን ደፍተው "ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ" ይሉ ነበር። ደም እየፈሰሳቸው ደህና ነኝ። ደፍረው የሚናገሩትም "አንቺ የመጀመሪያዋ ወላድ ነሽ እንዴ?" ተብለው ይመለሳሉ። ስለዚህ የማያፍር፣ የማይፈራ፣ የሐኪም ቋንቋ የሚያውቅ አፍ ለእያንዳንዷ ተሰጣት። ውሎ አድሮ ሕግ ሆነ። እንደራሴ የሌላት እናት ማቆያ አትገባም፤ ማቆያ ያልገባች ደግሞ ሐኪም አያያትም።

ሰዓዳ በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። ኮምቦልቻ ባቡር ጣቢያ የጭነት ባቡሮችን የምታሰማራ ሴት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከማይታዩ ሰዎች ጋር በድምፅ መነጋገር ሥራዋ ነው። ባሏ ኑረዲን ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ሐዲድ ከሚጠግኑት አንዱ ነው፤ ወሩን በበረሃ፣ ጥቂት ቀን በቤት። ሁለት እርግዝና ሳይደርስላቸው ቀርቷል። ይሄኛው ግን ጸንቶ ዘጠነኛ ወሩን ያዘ።

ማሳከኩ የጀመራት ማቆያ በገባች በሳምንቱ ነው። መጀመሪያ መዳፏን በላት። የአልጋ ጎረቤቷ ጥሩወርቅ፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ አድርቃ የምትሸጥ ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት፣ ስታክ አይታ ሳቀች።

"ቀኝሽን ነው ግራሽን?"

"ሁለቱንም።"

"እንግዲያው ብር ይገባልሻል፤ ወዲያውም ይወጣልሻል።"

"የውስጥ እግሬንም በላኝ እኮ።"

"እሱ መንገድ ነው። ብሩን ይዘሽ ትሄጃለሽ ማለት ነው።"

በሦስተኛው ቀን አልሳቁም። ማሳከኩ ከቆዳ በታች ነበር። ሰዓዳ ብታክ አይገኝም፤ ብትተወው አይተውም። ሽፍታ የለ፣ እብጠት የለ። መዳፏን ብርሃን ላይ ዘርግታ ብታየው ከራሷ ጥፍር ሰንበር በስተቀር ምንም አልነበረበትም። ሲመሽ ይብሳል። ሌሎቹ ሲተኙ እሷ ከአልጋ ወርዳ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ የውስጥ እግሯን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተክላ፣ ሰው እንዳትቀሰቅስ ሳትነቃነቅ ታድራለች።

በየቀኑ ለእንደራሴዋ ትነግራታለች። "መዳፌንና የውስጥ እግሬን ያሳክከኛል። እንቅልፍ የለኝም። ለዶክተሯ ንገሪልኝ።"

"ሰምቻለሁ" ትላታለች በገዛ ድምጿ።

ጠዋት አልጋዋ ራስጌ አረንጓዴ ይበራል። ደህና አድራለች። ውሃ ትጠጣ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ኑረዲን ደወለ። ከጀርባው ነፋስና የብረት ድምፅ ይሰማል።

"ማታ ስላወራሽኝ እንዴት ቀለል እንዳለኝ አትጠይቂኝ" አላት።

"ማታ?"

"ምነው? ማታ ደውለሽ። ደህና ነኝ፣ እየተኛሁ ነው፣ ሥራህን ሳትጨርስ እንዳትመጣ ያልሽኝ።"

ሰዓዳ ማታ አልደወለችም። ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ለመናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ባሏ ብረት በሚጨስበት በረሃ ውስጥ ቆሟል፤ ከዚህ ርቀት ምን ሊያደርግ ይችላል?

"ሌላስ ምን አልኩህ?" አለች ቀስ ብላ።

"ሌላማ... ስቀሻል። ያቺን አጭሯን ሳቅሽን።"

ስልኩን ዘግታ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

"ኑሬ ጋ ደውለሻል?"

"ደውያለሁ" አለች እንደራሴዋ ሳትሸሽግ። "እሱ በሐሳብ ተይዞ ነበር። ባል ሲያስብ ሚስት ታስባለች፤ ስታስቢ ግፊትሽ ይጨምራል።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ስትመዘገቢ አንቺው ፈቅደሻል።"

ፈቅዳ ይሆናል። ስትመዘገብ ለብዙ ነገር እሺ ብላለች፤ ለየትኛው እንደሆነ አታስታውስም።

በማቆያው ሴቶች ምስጢር ሲኖራቸው ልብስ ማጠቢያው ጋ ይሄዳሉ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል፤ አውራ ጣታቸውን ከጆሯቸው ጀርባ ያኖራሉ፤ ከዚያ ያወራሉ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ መጥቀሙንም የሚያውቅ የለም። ሰዓዳ በዚያ ምሽት ጥሩወርቅን በዓይኗ ጠቅሳ ወደዚያ ወሰደቻት፤ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

ጥሩወርቅ ብዙ አልተገረመችም። ውሃው ሲወርድ እያየች ቆየች።

"አምናም እዚህ ነበርኩ" አለች በመጨረሻ። "መንቀሳቀሱ ቀንሷል ብዬ ነገርኳት። ሰምቻለሁ አለችኝ። ራስጌዬ አረንጓዴ ሆኖ ነው የከረመ። ልጁ ሲወጣ ትንፋሽ አልነበረውም።"

ሰዓዳ እጇን ትከሻዋ ላይ አኖረች። ጥሩወርቅ ግን አልጨረሰችም።

"ከዚያ አመሰገንኩ።"

"ማንን?"

"እነሱን። እኔ ራሴን ስቼ ተኝቻለሁ፤ ድምፄ አመሰገነ። መግቢያው ላይ አዲስ ሴት ስትመጣ የሚያሰሟት አለ አይደል፣ 'እንደ እናት ነው የያዙኝ፣ ረክቻለሁ' የምትለዋ? ያቺ ማን ትመስልሻለች?"

ሰዓዳ የገባች ዕለት ያንን ድምፅ ሰምታዋለች። ወፍራምና ደስ የሚል ድምፅ ነበር፤ ልቧን አረጋግቶላት ነበር።

"ታዲያ ለምን ተመለስሽ?"

"ሌላ የት ልሂድ?" አለች ጥሩወርቅ። አውራ ጣቷን ከጆሮዋ አንስታ ቧንቧውን ዘጋችው። ወሬውም አበቃ።

በማግስቱ ጠዋት ሌሎቹ ሲታጠቡ ሰዓዳ ደረጃውን ወጣች። ማንም አልከለከላት። አትውጪ የሚል ነገር የትም አልተጻፈም፤ መውጣት ለማንም ትዝ ስለማይል ብቻ ነበር ደረጃው ባዶ የሆነው። ፎቁ ላይ ያለው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሴቶች ድምፅ አንድ በአንድ ይሰማል። አንዷ ስለ ወገቧ ነገረች። ሌላዋ ስለ ቃሯ። ከዚያ ሰዓዳ ራሷን ሰማች።

"ደህና አድሬያለሁ፣ ዶክተር። ጥሩ ተኝቻለሁ። ቆዳዬ ትንሽ ደርቆብኛል እንጂ የሚያሳስብ አይደለም። ያለፉት ሁለቱ ስላልደረሱልኝ አንዳንዴ ያለ ምክንያት እፈራለሁ፤ ይግባዎት። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ።"

መጨረሻ ላይ ሳቀች። ሰዓዳ ያቺን ሳቅ ታውቃታለች። ጣቢያው ላይ አለቃዋን ማስቆጣት ሳትፈልግ ስትቀር የምትስቃት ሳቅ ናት። ባሏንም ያረጋጋችው እሷው ናት። በሩን እንደመግፋት ግድግዳውን ተደግፋ ወረደች፤ ስትወርድ ማን አየኝ እያለች ዙሪያዋን ትቃኝ ነበር።

ያን ቀን ግራሩ ሥር እንደገና ተቀመጠች።

"ሰማሁሽ" አለቻት። "ቆዳዬ ደረቀ ነው ያልሽ። እኔ እንደዚያ አልኩሽ?"

"አላልሽም።"

"ታዲያ?"

እንደራሴዋ መልስ ለመስጠት አልተቸገረችም። ድምጿ የሰዓዳ ሆኖ ከሰዓዳ ይልቅ የተረጋጋ ነበር።

"ዶክተሯ በቀን ብዙ ድምፅ ትሰማለች። የምታማርር ሴት ድምፅ እየቀለለ ይሄዳል። ዛሬ እጄን፣ ነገ እግሬን ስትል፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ የሚሰማት ታጣለች። እኔ ተሰሚነትሽን እየቆጠብኩልሽ ነው። እስካሁን አንዲት ቃል አላባከንኩብሽም። በሚያስፈልገው ቀን አንድ ጊዜ ብጣራ ዶክተሯ ከመቀመጫዋ ትነሣለች።"

"የሚያስፈልገው ቀን መቼ ነው?"

"የልጅሽ የልብ ምት ሲለወጥ።"

"ሲለወጥ ካልደረስሽስ? አንዴ ከቆመስ?"

እንደራሴዋ "አምባሩ ደህና ይላል" አለች።

ሰዓዳን ያስጨነቃት መልሱ ስህተት መሆኑ አልነበረም። ልክ መምሰሉ ነበር። እሷም በጣቢያው ላይ በየሰዓቱ "ብሬኬ ጮኸ" የሚል ሾፌርን ዕለት ዕለት እየናቀችው ትሄድ ነበር። ምናልባት እውነትም ምንም የለባት ይሆናል። ምናልባት የሁለቱ ፅንሶች ፍርሃት ነው መዳፏ ላይ ወጥቶ የሚበላት። ሐኪም አልነካትም፣ ሽፍታ አይታይባትም፣ አምባሩ ደህና ነሽ ይላል፣ ባሏ ደህና ነኝ ብለሽኛል ይላል። ካንድ ሰው በቀር ሁሉም ደህና መሆኗን ያምናል። ያ አንድ ሰው ደግሞ እንቅልፍ አጥቷል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ያህል ይታመናል?

ከሰዓት በኋላ ሽንቷ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሮ አየችው። ጥርጣሬዋ ከራሷ ላይ ወርዶ ወደ ድምጿ ዞረ።

እንደራሴዋን ከጆሮዋ ጀርባ ልጣ አወጣቻት። ቆዳዋ ላይ ትንሽ ክብ ነጭ ምልክት ቀረ። በሻሽ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻትና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የሚመጣውን ጠበቀች። ጥበቃ ይመጣል፣ ደወል ይጮኻል ብላ ነበር። ማንም አልመጣም። ራት ቀረበ፤ በላች።

በማግስቱ ጠዋት አልጋዋ ራስጌ አረንጓዴ በራ። ደህና አድራለች። ውሃ ትጠጣ።

ሰዓዳ መሳቢያውን ከፍታ ሻሹን ዳሰሰችው። እዚያው ነበረች። ለካ እሷ ሳትነግራትም ትናገራለች። እሷ ባትኖርም ትናገር ይሆናል።

ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ደረጃውን ወጣች። በሩን ገፋችው።

ዶክተር ኤፍራታ ዓይኗን ጨፍና፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላ ታዳምጣለች። ከሰዓዳ ብዙም የማትበልጥ፣ ፀጉሯን ለማበጠር ጊዜ ያላገኘች ሴት ናት። ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ የሚናገረው የሌላ እናት ድምፅ ሐሳቡን አልጨረሰም ነበር፤ በሩ ሲንቋረር ዶክተሯ ዓይኗን ገለጠች።

"ማነሽ?"

"ሰዓዳ ይመር። ታችኛው ክፍል፣ መስኮቱ ጋ ያለችው።"

"አሁን ሰማሁሽ እኮ።"

"እኔን አይደለም የሰሙት።"

ዶክተር ኤፍራታ እግሯን ከወንበሩ አወረደች። ጫማዋን በእግሯ ፈለገች። ሕሙማን እዚህ ክፍል ሲገቡ አይታ አታውቅም፤ ወዴት እንደምትመለከት የጠፋት ትመስል ነበር።

"ይቅርታ ዶክተር" አለች እንደራሴዋ በሰዓዳ ድምፅ ከግድግዳው። "ስለፈራሁ ነው የወጣሁት። አሁን ወደ አልጋዬ እመለሳለሁ።"

"አልመለስም" አለች ሰዓዳ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ድምፅ ለሁለት ተከፍሎ ቆመ። ዶክተሯ ግድግዳውን አየች፤ ሴትዮዋን አየች።

"ሌሊቱን እንዴት አደርሽ?" አለች። ማንኛዋን እንደጠየቀች ራሷም ያወቀች አትመስልም።

"ጥሩ ተኝቻለሁ" አለች ከግድግዳው።

"አልተኛሁም" አለች ሰዓዳ በዚያው ቅጽበት። "ሲሚንቶው ላይ እግሬን ተክዬ ሳልነቃነቅ ነው ያደርኩት። አምባሩ ያልተነቃነቀ ሁሉ የተኛ ይመስለዋል።"

"ለምን ሲሚንቶ ላይ?"

"ስለሚቀዘቅዝ። የውስጥ እግሬንና መዳፌን ያሳክከኛል። ሌላ ቦታ የለም፤ ከዚያ ይነሣል። ሽፍታ የለውም። ሲመሽ ያሳብደኛል። ከትናንት ጀምሮ ሽንቴ ጠቁሯል።"

በዶክተር ኤፍራታ ፊት ላይ አንድ ነገር አለፈ። ግን ቶሎ ሰበሰበችው። በዚህ ሥራ ላይ ተታላ ታውቃለች፤ ቶሎ ወልደው ወደ ቤታቸው ለመሄድ ሕመም የሚፈጥሩ አሉ ተብላ ተመክራለች።

"ይሄን ከማን ሰማሽ? ምልክቱን ማለቴ ነው።"

"ከመዳፌ።"

"ዶክተር" አለች ግድግዳው ለስለስ ብላ፣ "ሁለት ልጆች ስላጣሁ ነው እንዲህ የምሆነው። ብርሃኑንም ልብ ምቱንም እያዩት ነው። ይታገሡኝ።"

ሰዓዳ ወደ ግድግዳው አልዞረችም። ድምጿ ለራሷ እንኳ አሳማኝ ነበር። እጇን አስተሳስራ፣ እንዳትነክሰው ከንፈሯን ጠብቃ ዶክተሯን ብቻ አየች።

"ደሜን ይዩልኝ" አለች። "ሌላ አልለምንም። ምንም ካልተገኘበት ይቅርታ ጠይቄዎት እወርዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እሷ የምትለውን ብቻ ይስሙ። ደግሜ ደረጃውን አልወጣም።"

"ለምርመራው አልፈቅድም" አለች ከግድግዳው። ልስላሴዋ አልተለወጠም። "አላስፈላጊ ነው። ደህና ሆኜ ከተገኘሁ ከእንግዲህ የሚሰማኝ አይኖርም።"

የሕጉ ነገር እዚህ ላይ ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው በእንደራሴ ነው። እናቶች በጭንቅ ሰዓት የማያውቁትን እሺ እንዳይሉ ታስቦ የወጣ ሕግ ነው። ዶክተር ኤፍራታ ይህን ታውቃለች፤ ሰዓዳም ከዶክተሯ ፊት ገባት። ዶክተሯ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ከታች ግቢው ውስጥ እናቶች በዝግታ ይዞራሉ፤ ከዚህ ከፍታ ሁሉም ደህና ይመስላሉ። ብዙ ቆየች። ሰዓዳ በሩ ከኋላዋ መኖሩን በጀርባዋ እየፈተሸች ጠበቀች።

ዶክተሯ ስትመለስ መርፌና ጠርሙስ የያዘ ሳህን ይዛ ነበር። ሰዓዳንም ግድግዳውንም አላየችም።

"የፈቀደች ክንዷን ትዘርጋ" አለች።

ሰዓዳ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ኤፍራታ በእግሯ ወደ ታችኛው ክፍል ወረደች። ሴቶቹ ምን መጣ ብለው ከአልጋቸው ቀና አሉ፤ አንዳንዶቹ ማን እንደሆነች አላወቋትም። ዶክተሯ የሰዓዳ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሐሞት ደምሽ ውስጥ ገብቷል" አለቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ክፍሉ ጸጥ ስላለ ግን ሁሉም ሰማ። "ከጉበትሽ ነው፤ እርግዝናው ያመጣው። አንቺን ያሳክክሻል እንጂ አይገድልሽም። ልጁን ነው የምፈራው። የልብ ምቱ ደህና ሲመታ ይቆይና ድንገት ይቆማል፤ አስቀድሞ የሚነግር ነገር የለም። አምባሩም አያውቀውም። ወርሽ ገብቷል፤ ዛሬውኑ ምጡን እናስጀምርልሻለን።"

ሰዓዳ ራሷን ነቀነቀች። ማልቀስ የሚገባት መሰላት፤ እንባ ግን አልመጣም።

"ከጀመረሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ከሁለት ሳምንት አለፈ።"

"ነግረሻታል?"

"በየቀኑ።"

ዶክተሯ የሰዓዳን መዳፍ ገልብጣ ሰንበሩን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ክፍሉን በሙሉ ቃኘች። ጥያቄ ለመጠየቅ የምትለማመድ ሰው ትመስል ነበር።

"ሌላ... ራሷ ልትነግረኝ የምትፈልግ አለች?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዶክተሯ እውነቷን ነው ወይስ እያጠመደችን ነው የሚል ነገር በየፊቱ ላይ ይነበባል። ከዚያ ጥሩወርቅ አውራ ጣቷን ከጆሮዋ ጀርባ አኖረች።

"አምና የሆነውን ብነግርሽ ትሰሚኛለሽ?" አለች። አንቱታውን ሆን ብላ ነው የተወችው።

"እሰማሻለሁ።"

ሌላዋም ጣቷን አነሣች። ሌላዋም። ሰዓዳ የተናገሩትን አልሰማችም፤ ጋሪው መጥቶላት ወደ ማዋለጃው እየገፏት ነበር።

ምጡ ረጅምና ከባድ ነበር። ልጅቱ በማግስቱ ረፋድ ላይ ተወለደች፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ በመወለዷ የተናደደች። ሰዓዳ ደረቷ ላይ ሲያስተኙላት መጀመሪያ ያደረገችው መተንፈሷን ማየት ነው። ሁለተኛም እሱኑ ነው ያደረገችው።

ዶክተር ኤፍራታ ልትጠይቃት መጣች። ጥቂት ቆማ ልጅቱን አየችና፣ የማይመቻት ነገር እንዳላት ሰው ጉሮሮዋን ጠረገች።

"መዝገቡ ላይ 'ሕመሟ በእንደራሴዋ ጥቆማ ተደርሶበታል' ነው የሚለው" አለች። "ራሱ ነው የሚሞላው። ሌላ የሚያስገባ ቦታ የለውም።"

"እሷ እኮ አልፈቅድም ነው ያለችው።"

"አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ።"

"ታዲያ ማን ያምነኛል?"

ዶክተሯ በሩን ሳትዘጋው ሄደች።

መሳቢያው ውስጥ የነበረውን ዕቃዋን አምጥተውላት ነበር። ሻሹን ስትፈታው እንደራሴዋ መዳፏ ላይ ወደቀች፤ ቆዳዋ ሲነካት ነቃች።

"እንኳን ደስ አለን" አለች በሰዓዳ ድምፅ።

ሰዓዳ የውሃ ብርጭቆው ውስጥ ጣለቻት። ከውሃው ሥር ትንሽ ነገር ስትናገር ቆየች። አልተሰማም።

ከዚያ ስልኳን አንስታ ባሏ ጋ ደወለች።

"ኑሬ፣ ወለድኩ። ሴት ናት።"

"ቅድም ነግረሽኝ የለ?" አለ። ደስታውን አንዴ አውጥቶ የጨረሰ ሰው ድምፅ ነበር። "ሁሉም በሰላም አለፈ፣ እዚያው ጨርሰህ ና አልሽኝ። ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

"እኔ አይደለሁም የነገርኩህ።"

በመስመሩ ላይ ነፋስ ብቻ ቀረ። ሰዓዳ ሁሉንም ነገረችው፤ ማሳከኩን፣ ያልደወለችውን ስልክ፣ በሩን፣ ደሙን። አላቋረጣትም።

"ሰዓዳ" አለ በመጨረሻ፣ ቃሉን እየመረጠ። "ታዲያ አሁን የምታወራኝ አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ?"

አልተቆጣችም። እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ትጠይቅ ነበር። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን ነገር ልትነግረው አሰበች፤ የመጀመሪያ ቀጠሯቸውን፣ እናቱ ያወጡላትን የቤት ስም። ግን ከጆሮዋ ጀርባ ያቺ ምስር ከተለጠፈች ወራት አልፈዋል፤ በእነዚያ ወራት ያላወሩት ምን አለ?

"በምንም አታውቅም" አለችው። "ና።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው የገባት። እሷም እሱነቱን አልጠየቀችም። የሰማችው የባሏን ድምፅ ነው፤ የባሏን አነጋገር፤ የባሏን ነፋስ። ያን ቀን የዋለችው መስኮቱን እያየች ነው።

ኑረዲን በጭነት ባቡር ተሳፍሮ በማግስቱ ገባ። ልብሱ ላይ የበረሃው አቧራ እንዳለ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። በሩ ላይ ቆሞ አያት። ሰላምታ አላቀረበም። እሷም ቀድማ አልተናገረችም። ቀስ ብሎ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እጇን ወሰደና ገልብጦ መዳፏን አየ። ሰንበሩን በሻካራ አውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው፤ መድረቅ የጀመረውን፣ ገና ያልደረቀውን። ከዚያ ሌላውን እጇን እንደዚያው አደረገ። ሰዓዳ የእጁን ክብደት ስትለካ ነበር። የብረት ሽታውን ስታሸት።



ልጅቱ አለቀሰች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዞሩ። ድምፁ የራሷ ብቻ ነበር፤ ገና የትኛዋም እንደራሴ አልተማረችውም።